ቢኤስኤ ቪክተር፦ የዘር ሐረጉን ከሞተሩ ውስጥ አንብቦ የመለየት ዘዴ

በእንግሊዙ የቢኤስኤ ፋብሪካ የተሠራ ቪክተር ነው የተባለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲያጋጥምዎት የታንኩን ቢጫ ቀለም አይመኑ። በሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥርም ቶሎ አይመኑ። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል፤ ቁጥርም በሞረድ ጠፍቶ እንደገና ይመታል። ለመለወጥ የሚያስቸግረው የፒስቶኑ ጉዞ ነው፤ ማለትም ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ የሚሄደው ርቀት። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ ክራንክ ሻፍቱ ካልተቀየረ በቀር ይህ ርቀት ባለበት ይኖራል። የቪክተር ትውልድም ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ያደገው በዚሁ ጉዞና በሲሊንደሩ ዲያሜትር ስለሆነ፣ ሁለቱን የለካ ሰው ሞተሩ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ስሙ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለውድድር የተሸጠው ቢ44 ቪክተር ግራንድ ፕሪ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ መብራት ያለው፣ ለገጠር መንገድ የሚሆነው ቪክተር ኤንዱሮና ቪክተር ስፔሻል መጣ። ለአስፋልት ደግሞ ቪክተር ሮድስተር ተሠራ፤ እሱም በኋላ ሹቲንግ ስታር ተባለ። በ1971 ፋብሪካው ቪክተር የሚለውን ስም ለ500 ሲሲ (ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው) ብቻ ሳይሆን ለ250 ሲሲ የገጠር መንገድ ሞዴልም ሰጠው። ስለዚህ «ቪክተር ነው» የሚል ሻጭ ሳይዋሽ ዋጋውና ጠባዩ በጣም የሚለያይ ነገር ሊያሳይዎት ይችላል።

ቤተሰቡን በቁጥር ማወቅ

ጅማሬው የትራያምፍ ፋብሪካ ትንሽ ሞተር ነው። ትራያምፍ ከ1951 ጀምሮ በቢኤስኤ ሥር ነበር። በ1953 ለገበያ የቀረበው ቴሪየር ዲያሜትሩ 57 ሚሊ ሜትር፣ ጉዞው 58.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህ 149 ሲሲ ይሆናል። ተከታዩ ታይገር ከብ 63 በ64፣ ማለትም 199 ሲሲ ነው። በበርሚንግሃም ስሞል ሂዝ የሚገኘው የቢኤስኤ ፋብሪካ ይህን አሠራር አሳድጎ በ1958 ሲ15ን አወጣ፤ 67 በ70፣ 247 ሲሲ። ቢ40 ጉዞውን እንዳለ ትቶ ዲያሜትሩን ወደ 79 አሰፋው፤ 79 በ70፣ 343 ሲሲ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ በውድድር ሜዳ የመጣ ነው። የድሮው 500 ሲሲ ጎልድ ስታር ኃይል ነበረው፤ ክብደቱ ግን በጭቃና በዳገት ጋላቢውን ያደክም ነበር። ብራያን ማርቲን የሚመራው የፋብሪካው የውድድር ክፍል ትንሹን ሞተር ማሳደግ ትልቁን ከማቅለል ይሻላል ብሎ ያዘ። ጉዞው ወደ 86 ረዝሞ 420 ሲሲ ሆነ፤ የፋብሪካው ጋላቢ ጄፍ ስሚዝም በ1964 የ500 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1965 ሻምፒዮንነቱን ደገመው። በዚያው ዓመት ለሽያጭ የቀረበው ቢ44 ጉዞው 90 ሆነና 79 በ90፣ 441 ሲሲ ላይ ቆመ። በ1971 የመጣው ቢ50 ያንኑ 90 ይዞ ዲያሜትሩን ወደ 84 አሳደገ፤ 499 ሲሲ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዲያሜትሩን በሴንቲ ሜትር በራሱ ያባዙ፣ በጉዞው ያባዙ፣ ከዚያ በ0.7854 ያባዙ። ለቢ44፦ 7.9 × 7.9 × 9.0 × 0.7854 = 441። ሲሊንደሩ ለሰፊ ፒስቶን ተቆርጦ ሊሆን እንደሚችል አይርሱ። የተለመዱት መጠኖች 0.020 እና 0.040 ኢንች ናቸው፤ በግምት ግማሽና አንድ ሚሊ ሜትር። ዲያሜትሩ 80 የሆነ ቢ44 ጤነኛ ቢ44 ነው፤ ሲሲው ወደ 452 ከፍ ይላል እንጂ ዘሩ አልተለወጠም።

ዋናው ማጭበርበር የሚገባው ቢ40 እና ቢ44 አንድ ዓይነት 79 ዲያሜትር ስላላቸው ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1960ዎቹ መጨረሻ ቢ40ን ስለገዛ ከጦሩ የወጡ ብዙ ሞተሮች ወደ ገበያ ገቡ። አንዱ ቢጫ ታንክ ለብሶ «ቪክተር» ሲባል ከላይ የሚያይ ሰው አይለየውም፤ ፒስቶን ብቻ የሚለካም አይለየውም። 70 እና 90 ግን የሃያ ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፤ ያንን የሚሸፍን ቀለም የለም።

መሣሪያ ከመንካት በፊት

የመፍቻ ጉዳይ መጀመሪያ ይነገር፤ ብዙ ዳዶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት ፋብሪካው ከእንግሊዝ የድሮ የጥርስ ልክ ወደ አዲሱ የአሜሪካ ልክ በሚሸጋገርበት ጊዜ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ሞተር ላይ ይገኛሉ። በዊትወርዝ፣ ማለትም በእንግሊዙ የድሮ ልክ፣ ለሩብ ኢንች ቡሎን የሚሆነው መፍቻ አፉ 13.3 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁጥር አይገባም፤ 14 ቁጥር ገብቶ ጠርዙን ያከብበዋል። ሦስት አሥራ ስድስተኛው 11.3፣ አምስት አሥራ ስድስተኛው 15.2 ሚሊ ሜትር ነው። የዊትወርዝ መፍቻ ስብስብና በኢንች የሚለካ ስብስብ ሁለቱም ካልተገኙ ሥራውን አይጀምሩ። የሚስተካከለው የእንግሊዝ ቁልፍ ለዚህ አይሆንም።

ከመፍቻው ሌላ የሚያስፈልገው ጥልቀት የሚለካ ጅራት ያለው ካሊፐር፣ የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ፣ ማግኔት፣ ጥሩ ባትሪ መብራት፣ አዲስ የቴስታታ (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ንጹሕ ጨርቅና ወረቀት ነው።

ቁጥሩን እንዴት ማየት

የሞተሩን ቁጥር በላምባና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ። የብረት ብሩሽ ወይም የአሸዋ ወረቀት አይንካው፤ ማስረጃውን እርስዎ ራስዎ ያጠፉታል። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩበት። ቁጥሩ የተመታበት ገጽ ከአካባቢው ዝቅ ብሎ ወይም የሞረድ ጭረት ይዞ ከታየ ቀድሞ የነበረ ቁጥር ጠፍቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ስላልተመሳሰለ ብቻ ጥሩ ሞተር ሳይክል ጥሎ ይሄዳል። ይህ ስህተት ነው። በቀደሙት የቢኤስኤ ሞዴሎች ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ ሆነው ከፋብሪካ ይወጡ ነበር፤ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚጠበቀው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከወጡት ላይ ነው።

ከ1969 የሽያጭ ዘመን ጀምሮ ቁጥሩ በሁለት ፊደል ይጀምራል። የመጀመሪያው ወር ነው፦ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ፣ ሲ ማርች፣ ዲ ኤፕሪል፣ ኢ ሜይ፣ ጂ ጁን፣ ኤች ጁላይ፣ ጄ ኦገስት፣ ኬ ሴፕቴምበር፣ ኤን ኦክቶበር፣ ፒ ኖቬምበር፣ ኤክስ ዲሴምበር። ሁለተኛው የሽያጭ ዘመኑ ነው፦ ሲ 1969፣ ዲ 1970፣ ኢ 1971፣ ጂ 1972፣ ኤች 1973። የሽያጭ ዘመኑ የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ኦገስት ገደማ ስለሆነ «ፒሲ» የሚል ቁጥር የተሠራው በኖቬምበር 1968 ነው፤ በ1969 አይደለም። ቢ44 የቆመው በ1970 ነው። የዓመቱ ፊደል ጂ ወይም ኤች ሆኖ ሞዴሉ ቢ44 ነው የሚል ቁጥር ካዩ ይጠርጥሩ።

ከውጭ የሚታዩ ምልክቶች

ሞተሩን በቀኝ በኩል ቆመው ይመልከቱ። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ ከሲሊንደሩ ውጭ በቆመ ክብ ቱቦ ውስጥ ካለፉ ሲ15 ነው። በቢ40 እና በቢ44 የዘንጎቹ መተላለፊያ ከሲሊንደሩ ጋር አብሮ የተቀለጠ ስለሆነ የተለየ ቱቦ አይታይም። ከ1967 ወዲህ የመጡት 250 ሲሲ ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ቱቦ መኖሩ ሲ15 መሆኑን ያረጋግጣል፤ ቱቦ አለመኖሩ ግን ቢ44 ነው አያሰኝም።

ቀጥሎ ፑንቲናው፣ ማለትም እየተከፈተ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣው መገናኛ፣ የት እንዳለ ይፈልጉ። ከሲሊንደሩ ኋላ እንደ ትንሽ ጽዋ ብቅ ያለ ቤት ውስጥ ከሆነ ቀደምት ሲ15 ወይም ቢ40 ነው። በቢ44 ፑንቲናው በቀኝ የጎን ክዳን ላይ፣ በትንሽ ክብ ሽፋን ሥር ይገኛል። ከዚያ ማግኔት ወደ ሲሊንደሩ ያስጠጉ። ማግኔቱ ከተጣበቀ የብረት ሲሊንደር ነው፤ የቪክተር ስፔሻል ሲሊንደር ከውጭ አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይይዝም። ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም ቱቦው፣ ፑንቲናውና ማግኔቱ፣ አብረው ሲስማሙ ብቻ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

በሻንሲው ላይ ዋናው ጥያቄ ዘይቱ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ቪክተር ኤንዱሮና ስፔሻል የተለየ የዘይት ታንክ አላቸው። የውድድሩ ግራንድ ፕሪ ግን ዘይቱን የሚይዘው በሻንሲው ቧንቧ ውስጥ ነው። የጎን ዘይት ታንክ ያለው «ግራንድ ፕሪ» ከሌላ ሞዴል የተገጣጠመ ነው። የ1971ዱ ቢ25 እና ቢ50ም ዘይት በሻንሲ ይይዛሉ፤ እነሱን የሚለየው ሰንሰለቱ የሚወጠረው በኋላ ጎማው አክስል ላይ ሳይሆን በኋላ ሹካው መታጠፊያ ላይ ባለ ቀንድ አውጣ መሰል ካም መሆኑ ነው።

አልፎ አልፎ «የፋብሪካው ቲታኒየም ሻንሲ» ተብሎ የሚቀርብም አለ። በ1966 ፋብሪካው ለጄፍ ስሚዝ ከቲታኒየም ቧንቧ እጅግ ቀላል ሻንሲ ሠርቶ ነበር። ብረቱ ተሰንጥቆ አስቸገረ፤ ለመበየድም አየር እንዳይነካው በማይነድ ጋዝ መከበብ ስላለበት በውድድር ሜዳ ጥገናው አልሆነም። የዚያ ዓመት ሻምፒዮንነት የቼኮስሎቫኪያውን ሲዜድ ሞተር ሳይክል የሚጋልበው የፓውል ፍሪድሪክስ ሆነ። ቲታኒየም ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ ሻንሲው ላይ ከተጣበቀ ክርክሩ አበቃ።

ጉዞውን መለካት

በካንዴላው ቀዳዳ ዘንግ አስገብቶ መለካት የተለመደ ነው፤ ግን ለዚህ ሞተር አይመከርም። ቀዳዳው ያዘመመ ስለሆነ ንባቡ ከእውነተኛው ይረዝማል፤ የዘንጉ ጫፍ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከነካ ደግሞ ያጥራል። በዚህ መንገድ የቢ40 70 ወደ 80 ሊጠጋ ይችላል፤ ያኔ ገዢው ለሚመኘው ይፈርዳል። ፍርዱን የሚሰጠው ቴስታታው ተነሥቶ ነው። ሻጩ ካልፈቀደ ዋጋውን በቢ40 ልክ ያስቡ።

የነዳጅ ታንኩን፣ ካርቡራተሩን፣ የጭስ ቱቦውንና ቴስታታውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ደጋፊ ይፍቱ። ወደ ሮከሩ የሚወጣው ቀጭን የዘይት ቱቦ በቀላሉ ስለሚጣመም ሁለቱን ጫፎች ፈተው ሙሉ ለሙሉ ያውጡት። ካንዴላውን ያውጡና ማርሹን አራተኛ ላይ አድርገው የኋላ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ፒስቶኑን በመጭመቂያው ምት ላይኛ ጫፍ ላይ ያቁሙ። እዚያ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ስለሆኑ ሞላዎቹ የሮከር ሳጥኑን አይገፉትም። ዳዶዎቹን በአግድም እየተሻገሩ፣ በየተራ ሩብ ዙር ብቻ ያላሉ። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ቴስታታውን ያጣምመዋል። ሁለቱ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች የገቡበት ቦታ ስለሚለያይ እንደወጡ ስማቸውን በወረቀት ይሰሩባቸው።

ቴስታታው ከተነሣ በኋላ ሲሊንደሩን ታች የሚይዘው ነገር የለም። ጎማውን ሲያዞሩ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ይዞት ይነሣል፤ የታችኛው ጓርኒሲዮን ይቀደዳል፤ ዘይት ማንጠባጠብም ይጀምራል። በረጃጅሞቹ ቡሎኖች ላይ አጫጭር የብረት ቱቦዎች ያስገቡና ዳዶውን በእጅ ጠበቅ አድርገው ሲሊንደሩን ይያዙት።

አሁን ይለኩ። ካሊፐሩ ሁልጊዜ በፒስቶኑ አናት ላይ አንድ ነጥብ ይንካ፤ ፒስቶኑ ከመሃል ጎበጥ ያለ ስለሆነ ነጥቡ ከተለወጠ ንባቡም ይለወጣል። ፒስቶኑ ወዲያና ወዲህ እንዳይዘም በጣት ይጫኑት። ላይኛውን ጫፍ፣ ከዚያ ታችኛውን ጫፍ ይለኩና ይቀንሱ። ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ወደ 90 ከቀረበ ቢ44 ወይም ቢ50 ነው፤ ወደ 70 ከቀረበ ምንም ቢጻፍበት ቪክተር 441 አይደለም። 86 ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር አይፍቱ፣ ምንም አይሽጡ፤ እንደ ፋብሪካው 420 የተለካ ሞተር ይዘዋል ማለት ነውና የሚያውቅ ሰው በዓይኑ ይየው።

ዲያሜትሩን በሁለት ቦታ ይለኩ። የመጀመሪያውን መጠን የሚነግርዎት የፒስቶን ፋሻ የማይደርስበት ታችኛው ክፍል ነው። ከላይ፣ ፋሻው ከሚቆምበት ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብለው የሚለኩት ደግሞ መበላቱን ያሳያል። በሁለቱ መካከል ከ0.2 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት ካለ ሲሊንደሩ መቆረጥ አለበት።

ሲመልሱት የድሮውን ጓርኒሲዮን አይድገሙ። ዳዶዎቹን በአግድም በደረጃ ያጥብቁ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ እንደገና ይፈትሿቸው።

ዘሩ ያመጣቸው በሽታዎች

ከ149 ሲሲ ተነሥቶ 441 የደረሰ አሠራር የትንሽነቱን ጊዜ ቅጣት ይዞ ያድጋል። የማስነሻ መርገጫው ጥርሶች ይህን ሁሉ መጭመቂያ ሲገፉ ጠባብ ናቸው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ጥርሱ ይሰበራል፤ ቁርጭምጭሚትም ይጎዳል። መርገጫውን እስኪከብድ ድረስ ቀስ ብለው ይጫኑ፣ ከመጭመቂያው ጫፍ ትንሽ ያሳልፉት፣ መርገጫውን ወደ ላይ ይመልሱና ከዚያ ሙሉ ምት እስከ ታች ይርገጡ። በግማሽ ቦታ ገጭ ማድረግ ክልክል ነው።

ወደ ኋላ መምታቱ ከተደጋገመ ችግሩ ከእሳት ሰዓቱ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት ከሚሰጥበት ቅጽበት፣ ነው። ባትሪ የሌላቸው ቀደምት ኤንዱሮና ስፔሻሎች እሳታቸውን በቀጥታ ከአልተርኔተሩ ይወስዳሉ። ይህ አሠራር ፑንቲናው የሚከፈትበት ቅጽበት አልተርኔተሩ ከፍተኛውን ኃይል ከሚሰጥበት ቅጽበት ጋር እንዲገጥም ይፈልጋል። ሰዓቱን ትንሽ ያዛባ ሰው ሁለት ነገር ያጣል፦ እሳቱ ይደክማል፣ ሞተሩም ይመታል። በመጀመሪያ የፑንቲናውን ክፍተት 0.38 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፣ ሰዓቱን ከዚያ ያስተካክሉ። ክፍተቱን በኋላ የነካ ሰው ሰዓቱን አብሮ ነክቷል።

በቢ44 ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው የቢዬላ ታችኛ ኩሽኔታ ባለ ሮለር ነው፤ ከቀደምት ሲ15 ዝርግ ኩሽኔታ ይልቅ ብዙ ይችላል። የሚገድለው ዘይት ማጣት ነው። ሞተሩ ለወራት ሲቆም ዘይቱ ከታንኩ በፓምፑ በኩል እየሰረገ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። የታንኩ ዘይት ጎድሎ ያየ ሰው ከላይ ይሞላል፤ ከዚያ ሲያስነሣ ሆዱ በዘይት ተሞልቶ ስለነበር በየመገጣጠሚያው ይተፋል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ያለውን ባለ አራት ዳዶ ሰሌዳ ይፍቱ፣ ዘይቱን ያፍስሱ፣ የሽቦ ወንፊቱን አውጥተው ይመልከቱ። በወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ካለ ሞተሩ ሳይፈታ አይነሣ። ንጹሕ ከሆነ ዘይቱን ይሙሉና ያስነሡ፤ የዘይት ታንኩን ክዳን ግን ክፍት ይተዉት። ተመላሹ ዘይት በአንድ ደቂቃ ውስጥ እየተቆራረጠ መፍሰስ መጀመር አለበት። ካልታየ ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ፣ ሰሌዳውን እንደገና ፈተው ዘይቱን ከሆዱ በሚስበው ቧንቧ ውስጥ ያለችውን ኳስ፣ ከዚያም ፓምፑን ይፈትሹ።